ሁለት ቁጥር ያለው ሽጉጥ

ገደፋውን ከጀርባው በጥይት መትተው ነው የገደሉት። ማጭዱን እንደጨበጠ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ቦታው ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከገበሬ ማኅበሩ የጤፍ እርሻ ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ ጅረቱን የሚሻገርበት ነው። ዘመኑ 1971፣ ወሩ ኅዳር፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። መርማሪው መቶ አለቃ ሃይለ ሚካኤል በማግስቱ ረፋድ ላይ ከፍኖተ ሰላም ሲደርስ አገሩ በሙሉ ቦታውን ረግጦታል፣ አልቅሶበታል፣ ተከራክሮበታል፤ አንዳንዱም ቁጭ ብሎ ቆሎ ቆርጥሞበታል።

«ዱካ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ሞልቷል ጌታዬ» አለ የቡሬው ሃምሳ አለቃ ተስፋው። «የወደዱትን ይምረጡ።»

ሃይለ ሚካኤል አልሳቀም። የፖሊስነት ዘመኑ አንድ ነገር አስተምሮታል፤ ሰው ማለት መረጃን በእግሩ አጥፍቶ በአፉ የሚተካ ፍጡር ነው።

አፉን ቀድሞ የከፈተው የወረዳው ካድሬ ጓድ እንዳለው ነበር። ካኪው እንደተተኮሰ ነው፤ ጫማው ከጭቃ ተጠንቅቋል። «መቶ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ» አለ። «ጉዳዩ በሰፊው ሕዝብ ንቃት ተጠናቋል። ገዳዩ ተይዟል።»

ከጎኑ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቸኮለ ቆሟል። ወገቡን በዝናር አጥብቆ፣ ሽጉጡን በቆዳ ማኅደር አንጠልጥሎ፣ ካድሬው በተናገረ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋ። «መሣሪያው ይኸው። ከሬሳው አጠገብ ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ 27418 ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በምዝገባው ጊዜ በእጄ የጻፍኩት ስለሆነ አልረሳውም፤ የእጅጉ ነው።»

እጅጉ ማን እንደሆነ ለመናገር አምስት ሰው ተሻማ። ቤተሰቡ ከአዊ የመጣ የመንደሩ ገበሬ ነው። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ በወሰን ተጣልቶ ገደፋውን ተኩሶ ስቶታል። በሽማግሌ ታርቀዋል፤ እርቁ ግን የአፍ እንጂ የሆድ እንዳልነበረ ይኸው ዛሬ ታየ፤ አለ ሰው ሁሉ።

«ገዳዩ ሽጉጡን ለምን ጣለው?» አለ ሃይለ ሚካኤል።

«ደንግጦ ነዋ» አለ ቸኮለ።

«ሁለት ጥይት አንድ መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ደነገጠ?»

ቸኮለ ወደ ካድሬው ተመለከተ። ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ባለበት በእጅጉ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰዳል። እርስዎ ፊርማዎን ብቻ ያኑሩ።»

«ረቡዕ ማምሻውን እናንተ የት ነበራችሁ?»

«እኔና ጓድ ቸኮለ?» ካድሬው ተቆጣ። «የምርት ዘመቻው ላይ ነዋ! ከጠዋት እስከ ማምሻ ከእርሻው ሳንለይ፣ አንዳችን ካንዳችን ሳንርቅ!»

ሃይለ ሚካኤል ሽጉጡን ተቀበለና ፊርማውን ሳያኖር ሄደ።

•

የቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው። ተስፋው ከሥሩ ድንጋይ ሸጎጠለት። ሃይለ ሚካኤል ነጭ ጨርቅ አነጠፈ፤ ትንሽ ላምባ በቆርቆሮ አስቀዳ፤ ጠመዝማዛ መፍቻና ማጉሊያ መነጽር ከቦርሳው አወጣ።

ሽጉጡ የፈረንሳይ ሥሪት ነው፤ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋው፣ ለጦር ሠራዊት የተሠራ ባለ ስድስት ጎራሽ። እንዲህ ያለው በየአገሩ ባላባት እጅ ገብቶ ከባላባቱ ለአሽከር፣ ከአሽከሩ ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ባለቤቶቹ ሲያብለጨልጩት፣ ሲፎክሩበትና ሲማማሉበት ይኖራሉ እንጂ አንድም ቀን ውስጡን አያዩትም።

ሃይለ ሚካኤል ግን ወጣት ሳለ በመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቷል። የጦር መሣሪያ ቁጥር አንድ ቦታ ብቻ እንደማይመታ ያውቃል። ሙሉው ቁጥር በአካሉ ጎን ላይ ለማንም ይታያል። ፋብሪካው ግን የአንዱ መሣሪያ ዕቃ ከሌላው እንዳይቀላቀልበት ያንኑ ቁጥር በየክፍሉ ላይ ይደግመዋል፤ ባለሽጉጡ የማያይበት፣ የሚያይበትም ምክንያት በሌለው ቦታ።

የእንጨት እጀታውን ፈታ። ከውስጥ በኩል 27418። የአፈሙዙን ሥር በላምባ ጠረገ፤ 27418። ምላጩን የሚከልለው ቀለበት ላይም ያው። ከዚያ ከፊት በኩል ያለውን ዘንግ ነቀለና ስድስቱን ጥይት የሚይዘውን ተሽከርካሪ የጥይት ቤት ወደ መዳፉ አወጣ። የፊት ገጹን ጠርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

ደጋግሞ አየው።

«አንብብ» አለ።

ተስፋው ዓይኑን አጠበበ። «31906።»

«ስንት ሽጉጥ ነው ያመጣችሁልኝ?»

«አንድ ነው ጌታዬ።»

«ሁለት ነው። አካሉ የእጅጉ፣ የጥይት ቤቱ የሌላ ሰው።»

የጥይት ቤቱን ከጨርቁ ላይ ገለበጠው። ሦስት ያልተተኮሱ ጥይቶችና ሦስት ባዶ ቀለሆች ወደቁ። ሃይለ ሚካኤል ቀለሆቹን በረድፍ አቆማቸው።

«ሬሳው ላይ ያለው ቁስል ሁለት ነው።»

«አንዱን ስቶት ይሆናል» አለ ተስፋው።

«ይሆናል» አለ ሃይለ ሚካኤል፤ የሚጠላውን ቃል አፉን አጣሞ።

ካድሬው በበሩ ገባና በጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ብረት አይቶ ጮኸ። «ቁጥሩ ከውጭ ተጽፎ ሳለ ውስጡን መፈልፈል ምን ይባላል? ይኼ የቡርዥዋ ምርመራ ነው!»

«የጥይት ቤቱ ተቀይሯል» አለ ሃይለ ሚካኤል ቀና ሳይል። «አንድ ሰው ሌላ ገጥሞለታል።»

ካድሬው ጥቂት አሰበ። ማሰቡ ለጤናው እንደማይስማማ ፊቱ ይናገር ነበር። ከዚያ በፍጥነት ወጣ።

•

እጅጉ በጣቢያው ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ በዱላ አብጦ ተከድኗል። መርማሪው ሲገባ ጋቢውን አስተካክሎ ለመነሳት ሞከረ።

«ተቀመጥ። ሽጉጥህ ከቤትህ መቼ ወጣ?»

«የአባቴ ሽጉጥ ከነማኅደሩ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ረቡዕ ከአጨዳ ስገባ አጣሁት።»

«ማን ወሰደው?»

«አላወቅሁም። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ሚስቴ ሽንዲ ከተማ እናቷ ዘንድ ናት።»

«ለማን ተናገርህ?»

«ለማንም።»

«መሣሪያ ተሰርቆብህ ዝም አልክ?»

እጅጉ የጋቢውን ጥለት ይቆጥር ጀመር። ሃይለ ሚካኤል ተናደደ። ሊገደል ሁለት ሌሊት የቀረው ሰው አፉን እንደ ሙዳይ ይከድናል?

«ፈትቼዋለሁ» አለው። «ዕቃ ዕቃውን አይቻለሁ።»

እጅጉ ቀና አለ። በደህናው ዓይኑ ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም። ሐፍረት ነበር። «ምን አገኙ?»

«አንተ ንገረኛ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረመ። የተስፋው እናት የአዊ ሰው ናቸው፤ ቋንቋውን ይሰማል።

«ምን አለ?» አለ ሃይለ ሚካኤል ከወጡ በኋላ።

«ከዚህስ ሞት ይሻላል ነው የሚል።»

«ይኼ ሁሉ ኩራት ምን ሊሆነው ነው?» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ጤፍ ሆኖ አይበላ።»

•

የሟች ሚስት ሲሳይነሽ ከለቀስተኞቹ መሐል ተነሥታ ወደ አጥሩ ጥግ መጣች። ድምፅዋ በለቅሶ ሻክሯል፤ ቃሏ ግን አልተምታታም።

«ስንት ተኩስ ሰሙ?»

«ሁለት። አንዱን ሰምቼ ምራቄን ሳልውጥ ሁለተኛው።»

«ሦስት አይደለም?»

«የገደፋውን ነፍስ ያወጣውን ድምፅ ልሳተው መቶ አለቃ?»

«በዕለቱ ሌላ ተኩስ አልነበረም?»

«ጠዋትማ ዘመቻው ሲከፈት ተተኩሷል። እልልታም ነበረ። እሱ የሹም ተኩስ ነው፤ ሰው አይገድልም።»

«ቀን እርሻው ላይ ነበሩ?»

«ለሟች ምሳ ይዤለት ሄጄ ነበር። ሰዉ ያጭዳል። ካድሬው ከዋርካው ሥር ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል።» ከንፈሯ በንቀት ተጣመመ። «ስመለስም ያው ነው።»

«ሌላስ ከማን ጋር ጠብ ነበረው?»

«እሱ ሰው አያስቀይምም። ብቻ እሑድ በገበሬ ማኅበሩ የምርጫ ስብሰባ እናገራለሁ ሲል ሰንብቶ ነበር። ምን እንደሚናገር ለእኔ አልነገረኝም።»

«እጅጉን ይፈራው ነበር?»

ሲሳይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነታች። «የገረመኝ እሱ ነው። ቄስ ወልደ ዮሐንስና ሽማግሌዎቹ ካስታረቋቸው ወዲህ አንድም ቀን አልፈራውም። እኔ ስፈራ ይስቅብኛል። ምን አስተማመነህ ስለው፣ ‘ከእጅጉ በኩል የሚመጣ ጥይት የለም’ ይለኛል። አሁን ታዲያ ያ ሁሉ ሳቅ ምን ሆነ?»

•

ዓርብ ጠዋት ሃይለ ሚካኤል ጣቢያው ሲገባ የመንደሩ ቀጥቃጭ ሙጬ ታስሮ፣ ተገርፎ፣ አምኖ ጠበቀው። ካድሬው ማታውን አስይዞታል። «የእጅጉን ሽጉጥ የገጣጠመ ተባባሪ!» አለ በደስታ። «ሁሉንም አምኗል!»

«ምንድነው ያመንከው?» አለ ሃይለ ሚካኤል።

«ያሉትን ሁሉ ጌታዬ» አለ ሙጬ። «የቀረ ካለም ይጨምሩልኝ።»

ሃይለ ሚካኤል ሽጉጡን ገጥሞ ሰጠው። «የጥይት ቤቱን አውጣልኝ።»

ሙጬ ሽጉጡን አገላበጠው። በጥፍሩ ቆረቆረው። አፈሙዙን ይዞ ነቀነቀው። ዘንጉን በእጁ እየነካው ምን እንደሆነ አላወቀም። በመጨረሻ ድንጋይ አነሣና ሊቀጠቅጠው ሲቃጣ ተስፋው እጁን ያዘው።

«ማረሻህን ሄደህ ቀጥቅጥ» አለው ሃይለ ሚካኤል። ወደ ካድሬው ዞረ። «ጓድ፣ ይኼን ሰው ትንሽ ጨምረው ቢገርፉት ገደፋውን አስነስቶልን ነበር።»

ወደ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ለመሄድ ሲወጡ ቸኮለና ካድሬው ተከተሏቸው። መርማሪው ምን እንደሚፈልግ አለማወቅ ሁለቱንም እንቅልፍ ነስቷል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ሰው እየጮኸ ተበተነ። አንድ ቡራቡሬ ውሻ ምራቁን እያዝረበረበ፣ አንገቱን አጣሞ መንገዱን ይዞ መጣ።

«ያበደ ውሻ ነው! ተኩስ ጓድ ቸኮለ!» ጮኸ ካድሬው ከፈረስ ጋሪ ኋላ ተደብቆ።

ቸኮለ እጁን ወደ ማኅደሩ ሰደደ፤ መልሶ ድንጋይ አነሣ። ወረወረ፤ ሳተ። ሁለተኛ አነሣ። ውሻው ወደ እሱ ሲዞር ሊቀመንበሩ የአንዲት እንስራ ሻጭን አጥር ዘሎ ገባና ሁለት እንስራ ሰበረ። ተስፋው በጠመንጃው ውሻውን ጣለው።

«አይ ጀግና!» አለች እንስራ ሻጯ። «እንስራዬንማ ማረክኸው!»

ቸኮለ አቧራውን አራገፈ። «የአብዮቱ ጥይት ለጠላት እንጂ ለውሻ አይባክንም» አለ።

«ትክክል!» አለ ካድሬው ከጋሪው ኋላ እየወጣ።

ሃይለ ሚካኤል ሁለቱን እንዲመለሱ አዘዘና ከተስፋው ጋር ወደ ደብሩ ወጣ።

•

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቂት ራቅ ብሎ የገደፋው መቃብር አፈር ገና እርጥብ ነው።

«አባ፣ እጅጉ ነገ ይገደላል።»

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

«ገደፋውን የገደለው እሱ ነው?»

«የእጅጉ ሽጉጥ ሰው አይገድልም።»

«የማንም ሽጉጥ ብቻውን ሰው አይገድልም አባ።»

«የእሱ ከሰው ጋር ሆኖም አይገድልም።»

ሃይለ ሚካኤል ወደ ቄሱ ጠጋ አለ። «ግልጹን ይንገሩኝ።»

«አልችልም። ሲታረቁ ሦስት ሽማግሌዎችና እኔ በግዝት ታስረናል። አንናገርም።»

«የሰው ነፍስ'ኮ ነው!»

«ባለቤቱ አፍ አለው። እሱ የሸሸገውን ነውር እኔ ላውጣበት?»

መርማሪው ንዴቱን ለመዋጥ ወደ ዋንዛው ጥላ ተራመደ፤ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች አንድን ንጹሕ ሰው በገበያ ፊት አቁመው ያስገድሉታል፤ ከዚያ አፋቸውን ስለጠበቁ ነፍሳቸው እንደዳነች ቆጥረው ፍታት ይፈቱታል። ቄሱም፣ ሽማግሌውም፣ ካድሬውም ያው ናቸው፤ እያንዳንዱ ራሱን የሚሸሽግበት ቃል አለው።

«አባ፣ የተገዘቱት እንዳይናገሩ ነው?»

«እንዳልናገር።»

«እንዳያሳዩስ?»

ቄሱ ቃል ሳይተነፍሱ ተነሡና ከቀሚሳቸው ሥር ቁልፍ አወጡ። ከዕቃ ቤቱ ጥግ፣ ከተቀደዱ ጥላዎችና ከአሮጌ ከበሮ ኋላ፣ በልብሰ ተክህኖ ቁራጭ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አንስተው በመርማሪው መዳፍ ላይ አኖሩ። በሞራ የታሸ የሽጉጥ ጥይት ቤት ነበር፤ ዘንጉም አብሮት አለ።

ሃይለ ሚካኤል ሞራውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ የፊት ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አዞረ።

27418።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ሽማግሌዎቹ ሲያስታርቁ እጅጉ ዳግም እንዳይተኩስ የሽጉጡን የጥይት ቤት አውጥተው ለቤተ ክርስቲያን አደራ ሰጥተዋል። አካሉን ግን ከግድግዳው ላይ ትተውለታል። መሣሪያውን የተቀማ ሰው በዚህ አገር ወሰኑ ይገፋል፣ ከብቱ ይነዳል፣ ልጁ ይሰደባል። ስለዚህ እጅጉ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥይት በማይጎርስ ብረት ሲከበር ኖሯል። ለዚህም ነው ሲሰረቅ ያልጮኸው፤ ሽጉጡ ቢገኝ ባዶነቱም አብሮ ይገኛል።

«ባዶ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?»

ቄሱ በዝምታ አራት ጣቶች አነሡ። ቀጥለው በእጃቸው ወደ አዲሱ መቃብር አመለከቱ። ገደፋው ያውቅ ነበር። የሚስቅበት ምክንያት ይኸው ነው።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ተስፋው ጭንቅላቱን ያካል። «እንግዲህ ሌባው ሽጉጡን ሙሉ መስሎት ሰረቀ። እቤቱ ወስዶ ሲያየው ቀዳዳ። የእጅጉ ቁጥር ያለበት አካል ካልተገኘ ደግሞ እጅጉ አይያዝለት። ስለዚህ የራሱን የጥይት ቤት ነቅሎ ገጠመለት።»

«ልክ። ሁለቱም አንድ ሥሪት ስለሆኑ ገጠመለት። ቁጥር ከጎን ላይ ብቻ ያለ መሰለው።»

«ታዲያ አሁን የዚያ ሰው ሽጉጥ ባዶ ነዋ። ቤት ለቤት እንፈትሽ?»

«አያስፈልግም» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ዛሬ ጠዋት አይተነዋል።»

ተስፋው ትንሽ ሄደና ቀጥ ብሎ ቆመ።

•

የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቀድሞ የአንድ ባላባት ጎተራ ነበር። ካድሬው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ቸኮለ ከጎኑ። እጅጉን አስገብተው በግድግዳው ሥር አቆሙት። ሃይለ ሚካኤል ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ሽጉጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣውን የጥይት ቤትና ሦስቱን ቀለሆች በጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የጥይት ቤቱን ሲያይ እጅጉ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«ለማመሳከር ሌላ የፈረንሳይ ሽጉጥ ያስፈልገኛል» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ጓድ ቸኮለ፣ የእርስዎን።»

«የእኔን?» ቸኮለ ማኅደሩን በክንዱ ከደነው። «የሊቀመንበር መሣሪያ ለማንም አይሰጥም።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አልተመዘገበም። መዝጋቢው እኔ አይደለሁ?»

«ስጣቸው ጓድ» አለ ካድሬው ተሰላችቶ። «አይተው ይመለሱልን።»

«ጓድ እንዳለው፣ በአብዮቱ ስም...»

«ስጣቸው አልኩህ!»

ተስፋው የቸኮለን ክንድ ከኋላ ያዘ። ሃይለ ሚካኤል ማኅደሩን ከፈተ። የወጣው ሽጉጥ ከመሐሉ ተቦርቡሮ በወዲያው በኩል ያለው ግድግዳ ይታይበት ነበር። የአገሬው ሹም ወገቡን ያከበረበት መሣሪያ ሆዱ የተዘረገፈ ብረት ሆነ። ሃይለ ሚካኤል ጎኑን ለካድሬው አነበበ፤ 31906። ከሬሳው አጠገብ ከተገኘው ሽጉጥ የጥይት ቤቱን ከነዘንጉ አውጥቶ በዚህኛው ውስጥ አስገባና በጣቱ አዞረው። ያለ አንዳች እንቅፋት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ዞረ።

«ተሰርቆብኝ ነው!» ጮኸ ቸኮለ። «ከወር በፊት ነው የጥይት ቤቱን የሰረቁኝ! አፍሬ ነው ዝም ያልኩ! እጅጉ ነው የሰረቀኝ!»

መልሱ መጥፎ አልነበረም። ባዶ ሽጉጥ ደብቆ መኖር በዚህ መንደር እንደሚያጋጥም ግድግዳው ሥር የቆመው ሰው ራሱ ምስክር ነው።

«ከወር በፊት» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ጓድ እንዳለው፣ ረቡዕ ጠዋት የምርት ዘመቻውን ማን ከፈተው?»

«እኔ። በንግግር።»

«ከንግግሩ በኋላስ?»

«ጓድ ቸኮለ በሽጉጡ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ...» ካድሬው ቃሉን መዋጥ ፈለገ፤ ዘግይቷል።

«ረቡዕ ጠዋት የተኮሰ ሽጉጥ ከወር በፊት ተዘረፈ!» ሃይለ ሚካኤል ቀለሆቹን አንድ በአንድ በጣቱ ገፋ። «ሬሳው ላይ ሁለት ቁስል። ሚስቱ የሰማችው ሁለት ተኩስ። ቀለሁ ግን ሦስት። ይኼና ይኼ ገደፋውን ገደሉ። ይኼኛው ዘመቻውን ከፈተ። አንተ ደግሞ ባዶውን ቀለህ ማራገፍ እንኳ አልቻልህም።»

«ከእርሻው አልተለየሁም! ጓድ እንዳለው መስክሯል!»

ሁሉም ወደ ካድሬው ዞሩ።

«እኔ... ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ከባድ ስለነበር...»

«ቆብዎን ፊትዎ ላይ ደፍተው» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ዋርካው ሥር። የተኙ ሰው አጠገባቸው ማን እንዳለ በምን ያውቃሉ? ይኼ ሰው ያንጊዜ ሄዶ ከእጅጉ ግድግዳ ላይ ሽጉጡን አወረደ፤ ማምሻውን ጅረቱ ላይ ገደፋውን ጠበቀ።»

ቸኮለ ከጠረጴዛው ሥር ተደፋ። እንዲህ ያለው ሰው ሲወድቅ ጥሩ አይወድቅም። «እሑድ ሊያወርደኝ ነበር!» አለ እያለቀሰ። «ለድሆች የተመደበውን መሬት ለወንድሞችህ ሰጠህ ብሎ በስብሰባ ሊነሣብኝ ነበር! ሊቀመንበርነቴን ሊወስድ! ማንበብ የማይችል ሰው!»

«ለአንድ የሊቀመንበር ማኅተም ነው እንግዲህ ሰው የገደልህ» አለ ተስፋው ቀስ ብሎ።

ካድሬው ተነሥቶ ቆቡን አስተካከለ። ፊቱ ላይ ያለው ድንጋጤ ወዲያው ወደ ሥልጣን ተመለሰ። «የአብዮቱ ሰርጎ ገብ ተጋለጠ! ቅዳሜ የተያዘው ፕሮግራም እንዳለ ነው። ሰውዬው ብቻ ይቀየራል።»

«ይኼ የእኔ እስረኛ ነው። ፍኖተ ሰላም ይሄዳል፤ በሕግ ይጠየቃል።»

«በወረዳው ውስጥ የምወስነው እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው በሪፖርቴ ላይ ዋና ምስክር እርስዎ ይሆናሉ። ከጠዋት እስከ ማምሻ አልተለየኝም ያሉትን፣ እንቅልፍዎንም፣ ሙጬንም ጨምሬ ለአውራጃው እጽፋለሁ። ወይስ ሳልጽፍ እስረኛዬን ይዤ ልሂድ?»

ካድሬው ተቀመጠ። መስኮቱን እያየ፣ «መኪናዎ ነዳጅ አላት?» አለ።

•

ቸኮለን ላንድሮቨሩ ላይ ሲያወጡት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ወሬው ከእነሱ ቀድሟል። የሊቀመንበሩ ወንጀል በአንድ ጆሮ ገብቶ ወጥቷል፤ ሰዉ የሚያወራው ሌላውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ብረት! አንዱ ጎረምሳ ጣቱን እንደ ሽጉጥ አድርጎ በእጅጉ ላይ ደገነና ሳቀ።

እጅጉ ወደ መርማሪው ቀረበ። እጁ የተፈታ ቢሆንም እንደታሰረ ይዞታል።

«ሽጉጡስ መቶ አለቃ?»

«ኤግዚቢት ነው።»

«ከዚያስ?»

«መንግሥት ይወስደዋል።»

«አባቴ ሲሞት በዚያ ሽጉጥ ነው የተለቀሰለት። አልቃሿ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር።» ወደ ላንድሮቨሩ ተመለከተ። «እኔ ስሞት ምን ይዛ ትቆማለች?»

«ነገ ብትሞት ለቅሶም አይፈቀድልህም ነበር። ሬሳህ ገበያው ላይ ይውል ነበር።»

«ለሁሉም ተናገሩብኝ።»

«አዳንኩህ እኮ!»

«ማን ለመነዎ?»

እጅጉ ጋቢውን ወደ ላይ ስቦ ግማሽ ፊቱን ሸፈነና ዋናውን መንገድ ትቶ ከቤቶቹ ጓሮ በኩል ሄደ።

«ምስጋና ቢስ!» አለ ተስፋው።

መርማሪው ዓይኑን አልነቀለም። ጓሮዎቹ እስኪያልቁ ሰውዬው አንገቱን ሰብሮ እየተጎተተ ተራመደ። ሰው ከማያየው ቦታ የደረሰ ሲመስለው ግን ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ፤ ያልታጨደ ጤፉ ወዳለበት በሰፋፊ እርምጃ ቁልቁል ወረደ፤ መጨረሻ ላይም ሮጠ። ሞት ይሻለኛል ያለ ሰው እንዲያ አይሮጥም።

«ንዳ» አለ ሃይለ ሚካኤል ለሾፌሩ።